ለታይ ያልፈረመችው ውል

ከናይሮቢ የተነሣነው በሐምሌ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሁለት ነበርን፤ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዋንጂሩ። ዋንጂሩ የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ኃላፊ ናት፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ በቦርሳዋ ሁልጊዜ ሁለት መነጽር የምትይዝ ኬንያዊት። እኔ ደግሞ ሂሩት እባላለሁ። ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ናይሮቢ ስኖር ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ኩባንያችን በምሥራቅ አፍሪካ ለሚገኙ ሆስፒታሎች ማሽን ይጠግናል። በዚያ ዓመት መቀሌ ላይ አንድ ወርክሾፕ እንዲከፈት ተወሰነ። የእኛ ተልእኮ በአምስት ቀን ውስጥ አራት ባለሙያ ፈትነን፣ ውል አስፈርመን መመለስ ነበር። ለፈተናው ኃላፊ እኔ፣ ለውሉ ዋንጂሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከመነሣታችን ሁለት ሳምንት በፊት ዋንጂሩ አሥራ ሁለት ገጽ ውል ይዛ ወደ ክፍሌ መጥታ ነበር። «በሌሎች አገሮች የተጠቀምንበት ነው። በአንቺ አገር ያስኬዳል?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አየሁና «ምን ችግር አለው? ያስኬዳል» አልኳት። ኢትዮጵያዊት ስለሆንኩ ብቻ የኢትዮጵያን የሥራ ሕግ የማውቅ መስሎኝ ነው። እውነቱ ግን አገሬ ላይ በደሞዝ ተቀጥሬ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ነው ወደ ውጭ የሄድኩት።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይረን መቀሌ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከላይ ሲታይ ምድሩ በድንጋይ ካብ እርከን በእርከን የተሠራ ነው፤ በክረምቱ ዝናብ መሐል መሐሉ አረንጓዴ ለብሷል። ዋንጂሩ ግንባሯን ከመስኮቱ አስደግፋ «ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ደረደረው?» አለችኝ። ገበሬዎቹ ናቸው አልኳት። እስክናርፍ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ወደ ከተማ የወሰደን ባለታክሲ ጠና ያለ ሰው ነው። ሻንጣችንን ሲጭን «እንቋዕ ብደሓን መፃእክን» አለን። ዋንጂሩ ትርጉሙን ጠየቀችና፣ እንኳን በደህና መጣችሁ ማለት መሆኑን ስትሰማ ደግማ ደጋግማ ሞከረችው። ሰውየው ቀስ አድርጎ፣ «ሓ»ዋን ከጉሮሮው እያወጣ ያስተምራት ጀመር። ሆቴላችን ሮማናት አደባባይ አጠገብ ነበር፤ እዚያ ስንደርስ ለእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ራሷ «እንቋዕ ብደሓን መፃእክን» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች፤ እንግዶቹ እኛ ሆነን ሳለ እሷን እንኳን ደህና መጣሽ ብለናታልና።

ሻንጣ አስቀምጠን እግራችንን ልናፍታታ ወጣን። ዝናቡ አባርቶ የኮብልስቶኑ መንገድ ያበራል። ከጥርብ ድንጋይ የተሠሩት ቤቶች ሲርሱ ማር የመሰለ ቀለም ያወጣሉ። በየጥጉ በለስ የተከመረበት ጋሪ አለ። አንዲት ሴት በሹካ ወጋ አድርጋ፣ በቢላ ግራና ቀኝ ሰንጥቃ፣ እሾሁ እጃችን ሳይነካ ፍሬውን ታጎርሰን ጀመር፤ አንዱ በአሥር ብር። ዋንጂሩ ስድስት በላች። ያን ያህል አይበላም ብዬ ባስጠነቅቃትም አልሰማችኝም። ራት ጥሕሎ በላን። የገብሱን ድብልብል በባለ ሁለት ጣት እንጨት ወግቶ ወጡ ውስጥ ማጥቀስ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለእኔም አዲስ ነበር። የትውልድ አገሬ ምግብ ነው፤ ግን በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ገና መቅመሴ ነው።

ረቡዕ፣ ሓድነት

ለፈተና የተከራየነው ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መጋዘን ነው፤ በአንድ በኩሉ ብረት በያጅ፣ በሌላው በኩል የሶፋ ሠሪ አለ። ስምንት ተፈታኞች መጡ። ከአየር ላይ ኦክስጅን አጣርቶ ለበሽተኛ የሚሰጥ ማሽን አንድ ሆስፒታል አውሶን ነበር። እኔ በማለዳ ከፍቼ የአንዱን ቫልቭ ሽቦ ነቅዬ ዘጋሁት። ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ብልሽቱን ፈልጎ ማግኘት።

ሰባቱ ተራ በተራ ገቡ። አምስቱ ሽቦውን አገኙት። ከእነሱ ውስጥ ደረጀ የሚባለው በጣም ፈጣን ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ መቀሌ ለትምህርት መጥቶ፣ ተመርቆ፣ የመቀሌ ልጅ አግብቶ በዚያው የቀረ። በሃያ ደቂቃ ጨርሶ «ሌላስ አለ?» አለኝ።

የመጨረሻዋ ለታይ ነበረች። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የራሷን መፍቻዎች በሸራ ከረጢት ይዛ ገባች። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እንደማይታጠፉ ያየሁት ጠመንጃ መፍቻውን በአውራ ጣቷና በቀለበት ጣቷ መሐል ስትይዝ ነው።

«እርስዎ ሲመችዎ ይጀምሩ» አልኳት።

«‹አንቺ› በይኝ ሓፍተይ። እርጅና ራሱ ይመጣል፤ አትጥሪው» አለች፤ ሓፍተይ በትግርኛ እህቴ ማለት ነው።

ሽቦውን በሰባት ደቂቃ አገኘችው። ማሽኑ ተነሣ፤ አረንጓዴው መብራት በራ። ወረቀቴ ላይ ምልክት አድርጌ «አመሰግናለሁ፣ ጨርሰሻል» አልኳት። ለታይ ግን አልተነሣችም። ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አስጠግታ «ትንሽ ይሥራ» አለችኝ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ዋንጂሩ ሰዓቷን ታያለች። ሩብ ሰዓት ሲሆን ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ ቢጫው መብራት በራ።

«ሁለት በሽታ ነው ያለው» አለች ለታይ፤ ክዳኑን እንደገና እየፈታች። «አንዱን አንቺ ነሽ ያስገባሽው። ሁለተኛው ግን የራሱ ነው።»

ከአየር መጭመቂያው የሚወጣው ቱቦ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበር፤ ሲሞቅ ይከፈትና አየር ያስወጣል። እኔ ማሽኑን ስሞክር አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር ያሠራሁት። ፈታኟም ያላወቀችውን ብልሽት ተፈታኟ አወጣችው። ያ ማሽን በአንድ ሕፃን አፍንጫ ላይ ተሰክቶ ሩብ ሰዓት ሞልቶት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ።

ለታይ የጦርነቱን ጊዜ ጨምሮ ለብዙ ዓመት በሆስፒታል ጥገና ክፍል ሠርታለች። አሁን እዚያው ሓድነት ውስጥ ትንሽ ሱቅ ከፍታ የቤት ዕቃ፣ ምድጃና ፍሪጅ ትጠግናለች። ከወጣች በኋላ ዋንጂሩ «የመጀመሪያ ምርጫሽ ማናት?» አለችኝ። መልሴን ግን አልጠበቀችም፤ ስሟን ራሷ ጻፈችው።

ቀኑ ጾም ስለነበረ ምሳ ሕልበት በላን። ነጭ፣ አረፋ የመሰለ፣ ከቀዩ የቲማቲም ስልሲና ከሓምሊ፣ ከጎመኑ፣ ጋር አንድ ላይ ይቀርባል። ዋንጂሩ ከምን እንደሚሠራ ጠይቃ፣ አብሽና ባቄላ መሆኑን ሰምታ፣ ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ዓዲ ሓቂ

ለመረጥናቸው አራት ሰዎች ደወልንላቸው። ሦስቱ ዓርብ መጥተው እንደሚፈርሙ በደስታ ነገሩን። ለታይ ግን «ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን ላንብብ» ስላለች፣ ዓዲ ሓቂ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም በማይርቅ ካፌ ተቀጣጠርን። በረንዳው በተማሪ ተሞልቷል፤ ግማሹ ትግርኛ፣ ግማሹ አማርኛ ያወራል፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ይደባለቃሉ። ማኪያቶ አዘዝን።

ለታይ አሥራ ሁለቱንም ገጽ አነበበች። ማኪያቶዋ ቀዘቀዘ። የምታነበው ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ነው። ስትጨርስ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተመልሳ ውሉን ወደ እኔ አዞረችው።

«እንግሊዝኛዬ የማኑዋል እንግሊዝኛ ነው» አለች። «ይቺ ቃል ምንድን ናት? በአማርኛ ንገሪኝ።»

አነበብኳት። «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» አልኩ።

«ተቋራጭ?» አለች። «ሕንፃ ልሠራላችሁ ነው እንዴ?»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ሓፍተይ፣ እዚህ ላይ ‹ሠራተኛ› የሚል ቃል ፈለግሁ። አጣሁ። ‹ሠራተኛ አይደለም› የሚል ግን ሁለት ቦታ አገኘሁ።»

ዋንጂሩ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ፤ ተረጎምኩላት። ኩባንያችን በኢትዮጵያ ገና እንዳልተመዘገበ፣ ምዝገባው ወራት ሊወስድ እንደሚችል፣ ሥራው ቶሎ እንዲጀመር ይህ መንገድ እንደተመረጠ በትህትና አስረዳች። ክፍያው ጥሩ መሆኑንም ጨመረች። ለታይ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ከጦርነቱ በኋላ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር እንደዚህ ባለ ወረቀት ሠራሁ» አለች። «ጄኔሬተር ስጠግን ኤሌክትሪክ ያዘኝ። እነዚህ ሁለት ጣቶች ያኔ ነው እንዲህ ሆነው የቀሩት። ስጠይቃቸው ወረቀቱን አሳዩኝ። ‹አንቺ ተቋራጭ ነሽ፤ ሠራተኛችን አይደለሽም› አሉኝ። ፈርሜአለሁ እኮ! ሳላነብ ነው የፈረምኩት። የመታከሚያውን ወንድሜ ነው የከፈለው። ስለዚህ ይህንን አልፈርምም። እናንተን ጠልቼ አይደለም።»

ለታይን ማጣት አልፈለግሁም፤ ባዶ እጄን ወደ ናይሮቢ መመለስም አልፈለግሁም። ያኔ እስከ ዛሬ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ።

«እሺ ለታይ፣ እኛ ውሉን እስክናስተካክል አንቺ ሥራውን ዝም ብለሽ ብትጀምሪስ? የተበላሹት ማሽኖች አይጠብቁም። በኋላ ሁሉም ይስተካከላል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም።

«በጦርነቱ ጊዜ ደሞዝ ሳይኖር ሠርቻለሁ» አለች። «ከአንድ ዓመት በላይ። ጠዋት በእግሬ ሄጄ ማታ በእግሬ እመለስ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ማሽኖች ከቆሙ ሕፃናቱ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሠራሁ። ዛሬም ቢመጣ እሠራለሁ። ያኔ ግን የጠየቁኝ ሕፃናቱ ናቸው። አሁን የምትጠይቂኝ ኩባንያ ነሽ።»

ይህን ለዋንጂሩ መተርጎም አቃተኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋረጥኩ። በሦስተኛው ነገርኳት። ዋንጂሩ መነጽሯን አውልቃ ቀስ ብላ ጠረገች።

ለታይ ስትነሣ «አቦይ ሐጎስን ጠይቁ» አለችን። «ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ቃላሚኖ ነው ቤታቸው። እኔ ተሳስቼ ከሆነ ይነግሯችኋል።» ራሷ ደውላላቸው አገናኘችን፤ የማኪያቶዋንም ሒሳብ ሳታስከፍለን ከፍላ ሄደች።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቃላሚኖ

ባጃጅ ይዘን ወደ ቃላሚኖ ወጣን። አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አለፍን፤ ዝናብ ስለመጣ ነጂው በግራና በቀኝ ሸራ አወረደልን። መንገድ ላይ እውነቱን ለዋንጂሩ ተናገርኩ፤ ውሉን ሳላነብ ነው ያስኬዳል ያልኩሽ አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ገጾቹን ስትገልጪ አይቼሻለሁ። እኔም ያስኬዳል እንድትይኝ ነበር የፈለግሁት።»

አቦይ ሐጎስ በኮትና በባርኔጣ በራቸው ላይ ጠበቁን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሕምባሻና ሻይ ቀረበልን። ውሉን ሰጠናቸው፤ እሳቸው ግን ሳያነቡት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ይጠይቁን ጀመር።

«ልጆቼ፣ መሣሪያውን ለሴትዮዋ የሚሰጣት ማነው?»

«እኛ።»

«የምትገባበትንና የምትወጣበትን ሰዓት የሚወስነው?»

«እኛ።»

«ዛሬ ይህን ጠግኚ፣ ነገ ያንን ብሎ የሚያዛት?»

«እኛ» አልኩ፤ ድምፄ እየቀነሰ።

«እንግዲያው ወረቀቱ የፈለገውን ይበል፣ ሴትዮዋ ሠራተኛ ናት። ሕጉ የሚያየው የሰጣችኋትን ስም አይደለም፤ ሥራውን ነው።»

ከመደርደሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ የታተመበትን ነጋሪት ጋዜጣ አወጡ። ጠርዙ ተቀዶ በፕላስተር ተጠግኗል። እያንዳንዱ ገጽ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በአንዱ ዐምድ አማርኛ፣ በሌላው እንግሊዝኛ። አቦይ ሐጎስ በእኔና በዋንጂሩ መሐል ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያሳዩን ጀመር። እኔ በግራ አነባለሁ፤ እሷ በቀኝ። አንዳንዴ እኔ ስቀድማት ጠብቂኝ ትላለች፤ ቅጠሉን የምንገልጠው ሁለታችንም ስንጨርስ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስለ አገሬ አንድ ነገር ከባዕድ ሰው ጋር እኩል ሆኜ፣ ከዜሮ ተነሥቼ የተማርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ውላችን የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር ይላል፤ ሕጉ ከስድሳ የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። ውላችን በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ሕጉ ሥራው ቋሚ ከሆነ ውሉም ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል። ውላችን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኩባንያው አይጠየቅም ይላል። እዚህ ላይ አቦይ ሐጎስ አሠሪው ይጠየቃል የሚለውን አንቀጽ በእርሳስ ጫፍ ነኩልን። ሁለታችንም ለታይ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን እጅ ነው ያሰብነው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኳቸው።

«እዚህ ተመዝገቡ። ግብሯን የሚያስገባ፣ ጡረታዋን በስሟ የሚቆጥር፣ ብትከስ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ይኑራችሁ። ይቆያል እንጂ አይከብድም።» ሻያቸውን ቀመሱና ጨመሩ፤ «በዚህ ሁሉ ችግር መሐል እዚህ ድረስ መጥታችሁ ሥራ ልትከፍቱ ነው። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ሰው ስለተቸገረ ሕጉ አይቀንስም።»

ለምክራቸው ልንከፍል ስንል ኮታቸውን አስተካክለው «ሕግ ማንበብ ለወደደ ሰው አስነብቤ አስከፍዬ አላውቅም» አሉን። እስከ አስፋልቱ ድረስ በዝናቡ ሸኙን።

ተመልሰን ስንሄድ ዋንጂሩ «በእኛ አገር የሙከራ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ይፈቀዳል» አለችኝ። «ሌላው ግን፣ ሂሩት፣ ሌላውን ናይሮቢ ላይ ለአንድም ሰው አላቀርበውም ነበር። እዚያ ሕጉን አውቀዋለሁ። እዚህ ስለማላውቀው የሌለ መሰለኝ።»

ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ዳይሬክተራችን ስልኩን ሲያነሣ ዋንጂሩ ድምፁን ከፍታ አስቀመጠችው፤ እኔም እንድሰማ። ሁሉንም ነገረችው። እሱ አዳምጦ «ሦስቱ ለመፈረም ፈቃደኛ ናቸው አይደል? ሦስቱን አስፈርማችሁ ኑ። ለአራተኛው ሌላ ሰው ፈልጉ» አለ።

ዋንጂሩ በዚያ በዝግታዋ «እሺ። ሕጉን አንብበንም በዚህ ውል አስፈርሙ የሚለውን ትእዛዝ በጽሑፍ ላክልኝና እፈጽማለሁ» አለችው።

እሱ «ስትመጡ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋ። እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። የጽሑፍ ትእዛዝ አልመጣም።

መጋዘኑ ስንደርስ ሦስቱ ቀድመውን ደርሰዋል። ደረጀ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቷል። ለታይንም ውሳኔያችንን ልንነግራት ጠርተናት ስለነበር መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ዋንጂሩ ዛሬ ማንም እንደማይፈርም፣ ኩባንያው እስኪመዘገብ መጠበቅ እንዳለብን፣ ሦስት ወይም አራት ወር ሊወስድ እንደሚችል ተናገረች። እኔ ተረጎምኩ።

የደረጀ ፊት ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ እኔ እፈርማለሁ አልኩ እኮ!» አለኝ። «ማን ፈርም ብሎ አስገደደኝ? ሁለት ልጆች አሉኝ። ተቋራጭ በሉኝ፣ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ሕጉ ለእኔ ተብሎ ከሆነ የወጣው፣ እኔ ትቼዋለሁ!» ከዚያ ወደ ለታይ ዞረ። «አንቺ ሱቅ አለሽ፤ ልትጠብቂ ትችያለሽ። እኔስ?»

ያለው እውነት ነው። ለእሱ ይበጃል ብለን የወሰድነው ውሳኔ ከእሱ ኪስ የሚከፈል ነበር። ዋንጂሩ ተርጉሚልኝ ብላ ክንዴን ስትይዘኝ ያለውን ነገርኳት።

ለታይ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች። ከደረጀ ፊት ቆማ ቀኝ እጇን ያዝ አድርግ ብላ እጁ ውስጥ አስቀመጠችው። የማይታጠፉትን ጣቶች ያዘ።

«ይቺ እጅ እንዲህ ስትሆን እኔም ልጆች ነበሩኝ» አለችው። «የፈረምኩት ለነሱ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ስምንት ወር ልጆቼን ያጎረሳቸው ሌላ ሰው ነው። አንተ ልጆችህን በምን ልታጎርሳቸው ነው?»

ደረጀ አንገቱን ደፋ።

«ሱቄ ጠባብ ናት» አለች ለታይ፤ ድምጿ እየለሰለሰ። «ግን የሚጠገን ሞልቷል፤ ብቻዬን አልደርስበትም። ነገ ጠዋት ና። ያገኘነውን እኩል እንካፈላለን። እነዚህ ከተመለሱ አብረን እንፈርማለን። ካልተመለሱም አንተ ሥራ አለህ።»

ደረጀ እስክሪብቶውን ከደረቱ አውጥቶ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሲወጣ እኔን አልተሰናበተኝም፤ ለታይን ግን «ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?» ሲላት ሰማሁት።

ዋንጂሩ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ወደ ለታይ ሄዳ በሁለት እጇ ጨበጠቻት። በደንብ የሚግባቡበት ቋንቋ ስላልነበራቸው ከባለታክሲው የተማረችውን ብቸኛ ትግርኛ «እንቋዕ...» ብላ ጀምራ፣ ቦታው እንዳልሆነ ገብቷት ተወችው። ሁለቱም ሳቁ። ለታይ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

ቅዳሜ በረራችን ከሰዓት በኋላ ነበር። ያልተፈረሙት ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ውሎች በሻንጣው ሥር፣ አቦይ ሐጎስ ኮፒ እንድናደርገው የፈቀዱልን አዋጅ ደግሞ በዋንጂሩ እጅ ውስጥ። አዲስ አበባ ላይ ተለያየን፤ እሷ ምዝገባው የት እንደሚጀመር ለመጠየቅ ሰኞን እዚያ ልትውል ቀረች። እኔ ናይሮቢ የገባሁት ሲመሻሽ ነው። ጎረቤቴ አበቦቼን አጠጥታልኛለች፤ ቤቱ እንደተውኩት ነው።

እሑድ ጠዋት ከመሳቢያዬ ሥር የራሴን የሥራ ውል ፈልጌ አወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተኝቷል። ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ያልወሰድኳቸው ዕረፍቶች፣ የማላውቃቸው መብቶችና ሁለት ፈጽሞ የማልስማማባቸው ዐረፍተ ነገሮች አገኘሁበት። የታችኛው ፊርማ የእኔ ነው። ሰው ልቀጥር ሄጄ የተማርኩት ይህን ነው፤ ሰው የማያነበው ውል የትም አገር ባዕድ ነው፣ በገዛ አገሩም ቢሆን።

ዋንጂሩ ስትመለስ ከዳይሬክተሩ ጋር ሦስታችን ተቀመጥን። አቦይ ሐጎስ የጠየቁንን ሦስት ጥያቄ እኔ ጠየቅሁት። «እኛ» ብሎ ሦስት ጊዜ መለሰ፤ በሦስተኛው ላይ ራሱን ያዘና ምዝገባው እንዲጀመር ተስማማ። ምዝገባው ከተባለው በላይ፣ አምስት ወር ፈጀ። በመሐሉ አንዱ ተፈታኝ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አልፈረድንበትም። በጥር ዋንጂሩ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፈ አዲስ ውል ይዛ ብቻዋን ወደ መቀሌ ሄደች። ለታይ፣ ደረጀና ሦስተኛው ባልደረባቸው ፈረሙ። ለታይ በዚህኛውም ላይ አንድ የተሳሳተ የአንቀጽ ቁጥር አግኝታ ሳታሳርም አልፈረመችም።

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለታይ ሥራ ከጀመረች ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። እሷ የምትመራው ወርክሾፕ ከሦስቱ ቅርንጫፎቻችን ውስጥ ከጥገና በኋላ ተበላሽቶ የሚመለስ ማሽን ከሁሉ የሚያንስበት ነው። ባለፈው ሳምንት ከእሷ አንድ ቅጽ በኢሜይል ደረሰኝ፤ የቅርብ አለቃዋ እኔ ስለሆንኩ የምፈርመው እኔ ነኝ። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ስትሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት ስትሞላ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ደውላ ነግራኛለች፤ እንዴት እንደሚሞላ ደረጀን ጠይቃ ነው። ከቀኖቹ በታች «ምክንያት» የሚል መስመር አለ። አብዛኛው ሰው ሠርግ፣ ሕመም፣ የቤተሰብ ጉዳይ ብሎ ይጽፋል።

ለታይ «ዕረፍት» ብላ ጽፋለች።

ፈረምኩበት።